እትዬ መምጣት ለምን እምቢ አለች

መስከረም 8

ውድ እትዬ፣

ይህ ወረቀት ሲደርስሽ ጉልበትሽም ዓይንሽም እንደ ልብሽ ብርቱ ሆነው ያግኙሽ። እኔ ደህና ነኝ። ደህና ብቻም አይደለሁ፤ ቆመሽ ከሆነ ተቀመጪ። ነፍሰ ጡር ነኝ። ሦስት ወር ሞላኝ። አዋላጇ መጋቢት ላይ ነው ብላኛለች።

በስልክ ልነግርሽ ሦስት ጊዜ ደውዬ ነበር። ግን እኔና አንቺ ስልክ ስንይዝ ስቀን ስቀን ነው የምንዘጋው፤ ቁም ነገር ሾልኮ ያመልጠናል። ደግሞስ ዕድሜሽን ሙሉ በችሎት ጸሐፊነት የሰው ቃል ስትጽፊ ኖረሽ፣ «ያልተጻፈ እንዳልተባለ ነው» እያልሽ ያሳደግሽኝ አንቺ አይደለሽ?

አባትየው ያ ፎቶውን የላክሁልሽ አናጢ ነው። አብረን መኖር ከጀመርን ዓመት ሊሞላን ነው። ሠርግ ገና አልደገስንም፤ ይህን ሳልደብቅ ልንገርሽ ብዬ ነው።

እንግዲህ የምለምንሽ አንድ ነገር ብቻ ነው። ነይልኝ፤ ሦስት ወር ተቀመጪልኝ። እናቴ የአራት ዓመት ልጅ ሆኜ ስትሞትብኝ አንስተሽ ያሳደግሽኝ አንቺ ታላቅ እህቷ ነሽ፤ አሁን ሌላ ማንን እጠራለሁ? እስከ አውሮፕላን ማረፊያ በአውቶቡስ ስድስት ሰዓት፣ ከዚያ በአየር ዘጠኝ ሰዓት ነው። ትኬቱ የኔ ጣጣ ነው። አንቺ እሺ ብቻ በይ።

ልጅሽ


ጥቅምት 4

ለፍልቅልቄ፣

የያዝሽውን በሰላም ያገላግልሽ። ልጅሽ እጅሽን የሚያሞቅ፣ ስምሽን የሚያስጠራ ይሁንልሽ። ደብዳቤሽን መዝገብ ቤት ውስጥ ነው ያነበብኩት፤ እንባዬ የሰው ፋይል እንዳያበላሽ ዞር አልኩ። አናጢውም ይሁንልሽ፤ እጁ የሚሠራ ሰው አፉ ብዙ አያወራም።

አዎ፣ ከችሎት ወደ መዝገብ ቤት ተዛውሬያለሁ። ራሴ ጠይቄ ነው፤ አይክፋሽ። ምድር ቤት ነው፤ ጸጥ ያለ ነው። ከመደርደሪያ ወደ መደርደሪያ ስሄድ ማንም «ወዴት ነሽ» አይለኝም።

ስለ መምጣቱ ግን አሁን እንዲህ ነው ለማለት ይከብደኛል። የጉልበቴም ሕመም አለ፤ የሥራ ፈቃድ ማግኘቱም አለ። ቀስ ብለን እናየዋለን።

በስልክ ለበዓል ቀሚስ ልላክልሽ ብለሽኝ ነበር። የምትልኪ ከሆነ እንደ በፊቱ ግራጫና ቢጫ አይሁን። ጥቁር ወይም ጥቁር ሰማያዊ፣ ሰፋ ያለ።

አክስትሽ


ጥቅምት 22

ውድ እትዬ፣

በሄድሽበት ሁሉ ጥላና ነፋስ ያግኝሽ። ሁለት ጥቁር ቀሚሶች ልኬልሻለሁ። ላረገዘች ላም እንኳ ጥቁር አይለበስም የምትለዋ ሴትዮ ምን ነክቷት ነው? ሐዘን ካለ ንገሪኝ።

ደግሞ ችሎቱን መተውሽ አልገባኝም። ሃያ ስድስት ዓመት «የኔ ወንበር» ስትይው የኖርሽውን! ያስቀየመሽ ሰው አለ?

ሦስት ወር ከከበደሽ ሦስት ሳምንት ይበቃኛል። ስወልድ እጄን ይዘሽ ብቻ ቁሚ። የመነጽር ቤቱ አለቃዬ እንኳ «አክስትሽ መቼ ነው የምትመጣው?» እያለ ይጠይቀኛል፤ ሌንስ በቆረጥኩ ቁጥር ወሬሽን ስለማወራ።

ልጅሽ


ኅዳር 27

ለፍልቅልቄ፣

ስላዘገየሁ ይቅር በይኝ። ቀሚሶቹ ደርሰዋል፤ ልክ ናቸው። እግዜር ይስጥልኝ።

ትኬቱን አትግዢ። እኔ መምጣት አልችልም። ምክንያቱን አትጠይቂኝ። በሩቅ ሆኜም ቢሆን ልቤ ካንቺ አይለይም።

አክስትሽ


ታኅሣሥ 6

እትዬ፣

ዛሬ ሰላምታው ይቆይ።

ስድስት ሳምንት ጠብቄ አራት መስመር ደረሰኝ። አናጢው አንብቢልኝ ሲለኝ «ደህና ነች» ብዬ አጠፍኩት። ከዚያ ማድ ቤት ገብቼ ውሃውን ከፍቼ አለቀስኩ።

ሳልጋባ በማርገዜ አፍረሽብኝ ከሆነ በግልጽ ንገሪኝ። ወይም ሰውየው ባዕድ ስለሆነ ነው። ወይም ሰው እዚያ «ያሳደግሻት ልጅ እንዲህ ሆነች» ብሎሻል። ልቋቋመው እችላለሁ። ምክንያቱን ሳላውቅ አንቺን ማጣት ግን አልችልም። ጉልበትሽን አትንገሪኝ፤ ባለፈው ዓመት በዚያ ጉልበት አራተኛ ፎቅ ስትወጪ ነበር።

እሺ፣ ልጁ ሲያድግ «አያቴ ለምን አልመጣችም?» ሲለኝ ምን ልበለው?

ልጅሽ


ታኅሣሥ 15

የኔ ልጅ፣

ደብዳቤሽን ሁለቴ አነበብኩት። ሦስተኛ ለማንበብ አቅም አጣሁ። አንቺ አፍራብኝ ነው ብለሽ ስታለቅሺ ከምትኖሪ እኔ ዛሬ አፍሬ ልሙት። በአንቺ አላፈርኩም፤ አንድ ቀን እንኳ። ያፈርኩት በራሴ ነው።

ሽንት ያጣድፈኛል። ተጻፈ እንግዲህ።

የጀመረኝ ሁለት ዓመት አልፎታል። መጀመሪያ ነገሬም አላልኩት፤ የዕድሜ ነው አልኩ። መጣ ካለ ግን ጊዜ የለም፤ እንደ እብድ በሬ ነው የሚመጣው፤ ደጃፍ ሳልደርስ ያመልጠኛል። የቤቴን ቁልፍ ከቦርሳዬ ሳወጣ ደግሞ ይብሳል፤ ቁልፉንና ፊኛዬን ያስተሳሰራቸው ማን እንደሆነ እንጃ። ከተማው ውስጥ ያለውን መጸዳጃ ቤት ሁሉ በቃሌ አውቀዋለሁ። የማላውቀው ሰፈር አልሄድም። ከጠዋት እስከ ማታ አንድ ብርጭቆ ውሃ ነው የምጠጣው፤ እሱም በፍርሃት።

አሁን ስለ ችሎቱ ልንገርሽ። ባለፈው ሰኔ አንድ ሽማግሌ ስለ አጥር ሊመሰክሩ ቀረቡ። ዳኛዋ «አጥሩን ማን አፈረሰው?» ብላ ጠየቀቻቸው። እሳቸው ከአባታቸው ጋብቻ ጀመሩ። ጸሐፊ ከተነሳ ችሎቱ ይቆማል፤ የሰው ቃል በመሃል ይቆረጣል። ስለዚህ ያዝኩ። እግሬን አቆላለፍኩ፤ ጥርሴን ነከስኩ። በሽማግሌው ታሪክ ገና ታላቅ ወንድማቸው ሳይወለድ እኔን ወንበሬ ላይ አመለጠኝ። እጄ ግን መጻፉን አላቆመም።

ችሎቱ ሲያበቃ ሰዉ ወጣ፤ ዳኛዋ ብቻ ቀረች። ጠረጴዛዋ ላይ የውሃ ማንቆርቆሪያ ነበር። ላቀብላት መስዬ ቀሚሴና ወንበሩ ላይ ደፋሁት። «ወይኔ!» አልኩ። «አይዞሽ፣ ውሃ እኮ ነው፤ ይደርቃል» አለችኝ። ውሃ ነው! በማግስቱ የዝውውር ማመልከቻ ጻፍኩ። ሰዉ «ጥፋት አጥፍታ ነው» ይላል፤ ይበል።

እንግዲህ በዚህ ላይ ስድስት ሰዓት በአውቶቡስ፣ ዘጠኝ ሰዓት በአውሮፕላን፣ በማላውቀው ሰው መሃል። ያንቺ አልጋ ላይ። በአናጢው ፊት። አስቢው እስቲ።

ይህን ደብዳቤ አንብበሽ ቅደጂው። ለእሱም አትንገሪው።

አክስትሽ


ታኅሣሥ 25

እትዬዬ፣

አልቀደድኩትም። ለእሱም አልነገርኩትም። «አክስቴ አልተቀየመችብኝም» ብቻ ነው ያልኩት፤ ስጨፍር አይቶ «ቀስ በይ፣ ልጁ!» አለኝ።

እናቴ ከሞተችበት ዓመት ጀምሮ እኔ አልጋ አረጥብ ነበር። ሰባት ዓመት እስኪሆነኝ ድረስ። አንሶላውን ጎረቤት ሳይነሳ አጥበሽ ታሰጪው ነበር። ጎረቤቷ አንድ ጠዋት «ዛሬም ታጠበ?» ስትልሽ «አቧራ በዛብን» ያልሽው እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። አንድ ቀን እንኳ «አታፍሪም?» ብለሽኝ አታውቂም። ታዲያ አሁን ራስሽን እንዴት «አታፍሪም?» ትያለሽ?

ለክትትል ስሄድ አዋላጇን ጠየቅኳት። ስምሽን አላነሳሁም፤ «አንድ የማውቃት ሴት» አልኩ። አልሳቀችም፤ አልደነገጠችምም። ፊኛ ሳይሞላ «ሞላሁ» እያለ የሚዋሽበት ሕመም ነው፤ ብዙ ሰው አለበት፤ ዕድሜ ነው ተብሎ የሚተው አይደለም አለችኝ። መጀመሪያ ሐኪም ሽንትሽን ይመርምር፤ ኢንፌክሽንና ስኳር አለመኖሩ ይታይ። ከዚያ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ አለች፤ የዳሌን ወለል ጡንቻ የምታሠለጥን። ከታች ፊኛውንና ማኅፀኑን እንደ ዘንቢል ቂጥ ደግፎ የሚይዝ ጡንቻ አለ አሉ። እሱ ሲበረታ፣ ፊኛም ልማድ ሲማር ብዙ ሴት ይሻላታል። ባንቺ ከተማ ሆስፒታል ያ ክፍል መኖሩን ደውዬ አረጋግጫለሁ። ሐሙስ ሐሙስ ነው።

ትኬት አልገዛም። አንድ ቃል ብቻ ስጪኝ፤ ሐኪሙ ዘንድ እሄዳለሁ በይ።

ልጅሽ


ጥር 18

ለፍልቅልቄ፣

ሆድሽ ይግፋ፣ እግርሽ አይበጥ። ሄድኩ። ሁለቴ ሄድኩ፤ ምክንያቱም መጀመሪያ ቀን ሐኪሙን ገና ጎረምሳ ልጅ ሆኖ ስላገኘሁት አፍሬ፣ «ምን ሆነው ነው?» ሲለኝ «ጉልበቴን» አልኩት። የጉልበት ቅባት አዝዞልኝ ተመለስኩ። ማታ በራሴ ተናደድኩና በማግስቱ ገብቼ «ትናንት ዋሽቼህ ነው» አልኩት። ልጁ ቀልድ አያውቅም፤ ብቻ ወንበር ስቦ «እሺ፣ ዛሬ እውነቱን ይንገሩኝ» አለኝ። ምርመራው ንጹሕ ሆነ፤ ስኳርም የለብኝም።

ሐሙስ ወደ ፊዚዮቴራፒው ላከኝ። ኮሪደር ጫፍ ያለ ክፍል ነው፤ ትልቅ ሰማያዊ ኳስ፣ ምንጣፍ፣ አልጋ፣ መጋረጃ። ባለሙያዋ ጫማዋ ሲጥ ሲጥ የሚል ወፍራም ሴት ናት፤ ሳቋ ከበር ይቀድማታል።

«እናቴ፣ በቀን ስንቴ ይሄዳሉ?» አለችኝ።

«እኔ እንጃ። አሥራ አራት? አሥራ አምስት?»

«ውሃስ ስንት ይጠጣሉ?»

«አንድ ብርጭቆ።»

«አይ፣ እርስዎ እኮ ፊኛውን እየቀጡት ነው። ሽንት ሲወፍር ፊኛውን ያቃጥለዋል፤ እሱም ቶሎ ቶሎ ይጮኻል። ስድስት ብርጭቆ ይጠጣሉ፤ ቀኑን ሙሉ እያከፋፈሉ። ቡናና ሻዩን ይቀንሱ። ሳይመጣ 'ለማንኛውም' ብለው መሄዱንም ይተዉ፤ ፊኛው ሰነፍ ሆኖ ይቀራል።»

ከዚያ ጡንቻውን እንዳገኘው አስተኝታ «ሰው መሃል ፈስ እንዳያመልጥዎ እንደሚይዙት ይያዙ» አለችኝ። ልጄ፣ እኔ የፍርድ ቤት ሰው! ሳቅኩ። ስስቅ ደግሞ ይልቀቁት አለችኝ። «እናቴ፣ መቀመጫዎን ነው የጨመቁት፤ ትንፋሽዎንም ይዘውታል። አይያዙ። ቀስ ብለው ወደ ላይ እንደ መሳብ ይበሉ፤ ደግሞ ይልቀቁ። መልቀቁም እንደ መያዙ ነው።» እጇን አስገብታ ልታየው ፈቃድ ጠየቀችኝ፤ ቆይ አልኳት፤ ቆየች። በሁለተኛው ሐሙስ ፈቀድኩላት። ትክክለኛውን ስይዝ «ኧረ ይሄ ነው!» ብላ እንደ ልጅ ጮኸች።

ጥድፊያው ሲመጣ ደግሞ መሮጥ የለም። መሮጥ እሺ ማለት ነው አለችኝ። ቆሜ፣ ወይ ተቀምጬ፣ ቶሎ ቶሎ አምስቴ እይዝና እለቃለሁ፤ እተነፍሳለሁ፤ አሳቤን ሌላ ነገር ላይ አደርጋለሁ። ማዕበሉ ሲያልፍ ያኔ ቀስ ብዬ እሄዳለሁ። የዱሮ መዝገብ ቁጥሮችን በልቤ ወደ ኋላ እቆጥራለሁ፤ ይሠራል።

ደብተር ሰጥታኛለች። የጠጣሁትን፣ የሄድኩበትን ሰዓት፣ ያመለጠኝን ሁሉ እጽፋለሁ። ይህ ሥራዬ ስለሆነ አልከበደኝም።

አክስትሽ


የካቲት 9

እትዬ፣

ልጁ እየረገጠ የሌንስ መቁረጫው ጋ እንኳ አላስቆም ብሎኛል፤ ግን ጤና ነኝ። ከጥር 18ቱ ደብዳቤ በኋላ የላክሽውን ሁለት ገጽ ደግሜ ደጋግሜ አነበብኩት። ስለ አየሩ ጻፍሽ፤ ስለ ጎረቤትሽ ድመት ጻፍሽ፤ ስለ ሐሙስ አንድም ቃል የለም። ሐሙስ ምን ሆነ?

ልጅሽ


የካቲት 19

ለፍልቅልቄ፣

ዓይንሽ ሌንስ ነው ልበል? ላንቺ መዋሸት አልተሳካልኝም።

ሐሙስን ሁለት ሳምንት ቀረሁበት። አንድ ቀን ከፖስታ ቤት ስመለስ ልቤ ሞልቶ ነበር፤ አሥር ቀን ሙሉ ምንም አላመለጠኝማ! ቤቴ ደጃፍ ቁልፉን ሳስገባ መጣ። ቆምኩ፤ ያዝኩ፤ ተነፈስኩ፤ ቁጥር ቆጠርኩ። በከንቱ። ደረጃው ላይ ሆነ። የላይኛው ቤት ሴትዮ እየወረደች ነበር፤ ዓይኗን ሰብራ አለፈች። ገብቼ ተቀመጥኩና «ድካም ነው፤ ለእኔ አይሠራም» አልኩ። ደብተሩን መሳቢያ ውስጥ ጣልኩት።

ባለሙያዋ ደወለችልኝ። «እናቴ፣ ጠፉብኝ።»

«አይሠራም፣ ልጄ። ደከምኩ።»

«እሺ። ደብተሩን ብቻ ይዘው ይምጡ፤ ከዚያ ይተዉት።»

ይዤ ሄድኩ። ቁጭ ብላ ገለበጠችው። መጀመሪያ ሳምንት ያመለጠኝ ዘጠኝ ጊዜ ነበር። በዚያ ክፉ ሳምንት አንድ። ጣቷን ቁጥሩ ላይ አድርጋ ደብተሩን ወደ እኔ ገፋችው። የራሴ እጅ ጽሑፍ ነው፤ ሃያ ስድስት ዓመት ሰው ሲክድ «እንዲህ ተብሎ ተጽፏል» ስል የኖርኩት እኔ ነኝ። ደብተሩን መልሼ ቦርሳዬ ከተትኩት።

ቁልፉን ይለማመዱት አለችኝ። ማለት፣ ጥድፊያ በሌለበት ሰዓት ደጃፍ ሄጄ ቁልፉን አስገባለሁ፤ እቆማለሁ፤ እይዛለሁ፤ እለቃለሁ፤ ሳልገባ እመለሳለሁ። የላይኛው ቤት ሴትዮ ሌባ ነች ብላ ሳትጠረጥረኝ አትቀርም።

አክስትሽ


መጋቢት 14

እትዬ፣

ሴት ልጅ! ትናንት ጠዋት። ሦስት ኪሎ ከሁለት መቶ። አናጢው ሲያያት አዋላጇ ሮጣ ወንበር ሰጠችው። ልጅቷ ተነሳች፤ ከዚህ በላይ አልጽፍም። ጤነኛ ነች። አፍንጫዋ ያንቺ ነው።

ልጅሽ


ሚያዝያ 20

ለወላዷ ልጄ፣

እንኳን ማርያም ማረችሽ፤ ጡትሽ አይጉደል፤ ልጅሽ በእንቅልፍሽ አትምጣ። ፎቶዋን ለመዝገብ ቤቱ ሁሉ አሳየሁ። አፍንጫዋ የኔ ከሆነ ከጊዜ በኋላ ታዝንብኛለች፤ ግን ደስ ይላል።

አሥራ ሁለት ሳምንት ሞላኝ። አሁን በቀን ስምንት ጊዜ ነው የምሄደው። ባለፈው ወር ያመለጠኝ አንዴ፣ እሱም ጠብታ ነው። ድኛለሁ አልልሽም፤ ባለሙያዋም አላለችም። ጥድፊያው ይመጣል። ግን ሲመጣ «ቆይ» እለዋለሁ፤ ይቆያል። ይህ ለእኔ ብዙ ነው።

ዳኛዋ ዘንድ ገባሁ። «ወደ ችሎት መመለስ እፈልጋለሁ፤ ግን በየሁለት ሰዓቱ አምስት ደቂቃ ዕረፍት ያስፈልገኛል። የጤና ጉዳይ ነው» አልኳት። መነጽሯን አውልቃ «ምነው ቀደም ብለሽ በነገርሽኝ! እኔም ወገቤ አልቋል» አለች። ሰኞ ወንበሬ ላይ ነበርኩ።

ቅዳሜ ደግሞ ማንም ሳያውቅ አውቶቡስ ተሳፈርኩ። የሚቀጥለው ከተማ ድረስ፣ ሦስት ሰዓት። እዚያ ወርጄ መጸዳጃ ቤት ገባሁ፤ ሻይ ሳልጠጣ ተመለስኩ። ለመውረድ በሚመቸው ከሾፌሩ ኋላ ሳይሆን መሃል ነው የተቀመጥኩት፤ በመስኮቱም ሜዳውን አየሁ። ሜዳ ካየሁ ስንት ጊዜዬ ነው!

አሁን አንድ ነገር እለምንሻለሁ። ትኬቱን ግዢ። ከመተላለፊያው ዳር ያለ ወንበር ይሁን።

አክስትሽ


ሐምሌ 12

እትዬ፣

የመመለሻ መንገድሽ ሁሉ የቀና እንደነበር ደውለሽ ስለነገርሽን ልባችን ዐረፈ። ቤቱ ባዶ ሆነብን። አናጢው ጠዋት ጠዋት «አማችዬ ተነስተዋል?» ሊል አፉን ይከፍትና ይተወዋል። ልጅቷ በዚያ በምታዘፍኛት ዜማ ካልሆነ አትተኛም፤ እኔ ስዘፍን ትጮኻለች።

አንድ ነገር ደብቄሻለሁ። ስድስት ሳምንት አጠገቤ ነበርሽ፤ መናገር አቅቶኝ ነው። ከወለድኩ ጀምሮ ሳስል፣ ሳስነጥስ፣ ልጅቷን ብድግ ሳደርጋት ያመልጠኛል። አንቺን «አታፍሪ» እያልኩ ስጽፍ የነበርኩ ሰው ላንቺ ለመንገር አፈርኩ። መነጽር ቤት ስመለስ ምን እንደምሆን እያሰብኩ እንቅልፍ አጣሁ። በይ እንግዲህ፣ ሳቂብኝ።

ልጅሽ


ሐምሌ 29

የኔ ፍልቅልቅ፣

አውቅ ነበር።

ልብስሽን ያጠብኩት እኮ እኔ ነኝ። ስታስነጥሺ ግድግዳ ይዘሽ እግርሽን ስታጠላልፊም አይቼሻለሁ። ዝም ያልኩት ንቄሽ አይደለም። እኔን ያን ጊዜ አንድ ሰው ቀድሞ «አውቄብሻለሁ» ቢለኝ ኖሮ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እመርጥ ነበር። ራስሽ እስክትነግሪኝ ነው የጠበቅሁት፤ መጠበቁም ከበደኝ።

ባለሙያዋን ጠየቅኳት፤ ስምሽን አላነሳሁም፤ «አንዲት የማውቃት አራስ» ብዬ ነው። ሳቀችና «እናቴ፣ ልጅዎ ምን ሆነች?» አለችኝ። ያንቺው ከእኔ ይለያል አለች፤ የኔ የሚያጣድፍ ነው፤ ያንቺ ሲጫነው የሚያመልጥ። ጡንቻው ግን አንዱ ነው፤ ከወሊድ በኋላም ጊዜው ገና ነው። ከማስነጠስሽ በፊት ያዝ አድርጊው፤ ልጅቷን ከማንሳትሽ በፊትም። ትንፋሽሽን ግን አትያዢ። ይህ ለጊዜው ነው። ነገ ጠዋት ሥራ ሳትጀምሪ ደውለሽ ቀጠሮ ያዢ፤ በደብዳቤ የሚታከም ነገር አይደለም። ለአናጢውም ንገሪው። ስድስት ሳምንት ቤቱ ኖሬ አየሁት፤ የሚነገረው ሰው ነው።

እኔ ከሥራ በፊት፣ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ፣ አልጋዬ ጫፍ ቁጭ ብዬ አሥሩን መያዝና መልቀቅ እሠራለሁ። አንቺም ባለሽበት፣ ልጅቷን ጭንሽ ላይ አድርገሽ ትሠሪያለሽ ብዬ ነው የምቆጥረው። የሠራሽ ቀን ጻፊልኝ። ያልሠራሽ ቀንም ጻፊልኝ።

አክስትሽ